የከተማ ዳር ድርጅቶች ሰዓት፣ ቀንና አድራሻ ለጎግል ተዛብቶ እየተነገረ ነው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ከአያት እስከ ለገጣፎ፣ ከቃሊቲ እስከ ቱሉ ዲምቱና ኮዬ ፈጬ ድረስ ብሎኬት የሚያመርተው፣ በርና መስኮት የሚበይደው፣ የዶሮ መኖ የሚያከፋፍለው፣ ክሊኒክና መድኃኒት ቤት የከፈተው ሁሉ ዛሬ ዌብሳይት እያሠራ ነው። ገጹ ሲከፈት ያምራል፤ ፎቶውም ስልኩም አለ። ከገጹ ጀርባ፣ ለፍለጋ ማሽን ብቻ ተብሎ በሚጻፈው ኮድ ውስጥ ግን ሱቁ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ይከፈታል፤ የዋጋው ጊዜ ካለፈ ዓመታት ተቆጥረዋል፤ መደብሩም ያለው ሜዲትራኒያን ባሕር ውስጥ ነው። ይህ ማጋነን አይደለም። የእኛን ሰዓት፣ የእኛን ዘመን አቆጣጠርና የእኛን የአድራሻ ልማድ እንዳለ ወደ ኮዱ የገለበጠ ሁሉ የሚያገኘው ውጤት ነው። ጥፋቱን ለማረም የሚያስፈልገው የአንድ ከሰዓት ሥራ ስለሆነ፣ ባለሱቁም ዌብሳይት ሠሪውም እንዲያየው በዝርዝር ጽፈናል።

ነገሩ በእንግሊዝኛ ስትራክቸርድ ዳታ ይባላል፤ ባለሙያው ባጭሩ «ስኪማ» ይለዋል። ሰው ገጹን አንብቦ «ይሄ ስልክ ነው፣ ይሄ ዋጋ ነው» ብሎ ይለያል። ማሽን ግን እንዳይገምት እያንዳንዱ መረጃ ስም ተሰጥቶት ይቀርብለታል። የስሞቹን መዝገብ ጎግል፣ የማይክሮሶፍቱ ቢንግና ያሁ በ2011 እ.ኤ.አ. ስኪማ ዶት ኦርግ ብለው አንድ ላይ አወጡት፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ የሩሲያው ያንዴክስ ገባበት። ስለዚህ አንዴ በደንብ የተጻፈ ስኪማ ለሁሉም ያገለግላል። አጻጻፉ ሦስት ዓይነት ነው፤ ጎግል የሚመክረው ጄሰን ኤልዲ የሚባለውን ነው። ከሚታየው ጽሑፍ ተለይቶ በአንድ ስክሪፕት ውስጥ ስለሚቀመጥ የገጹን መልክ አይነካም፤ ሲበላሽም ፈልጎ ማግኘት ቀላል ነው። በዚህ ደብዳቤ የምንጠቅሳቸውን ስሞች በአማርኛ ፊደል የጻፍነው ለንባብ እንዲመች ነው፤ ኮዱ ላይ ግን በላቲን ፊደል ይጻፋሉ። ትልቅና ትንሽ ፊደልም ይለያያል፦ የዓይነቱ ስም በትልቅ ፊደል፣ የመረጃው ስም በትንሽ ፊደል ይጀምራል።

ከሰዓቱ እንጀምር፤ ብዙው ስህተት ያለው እዚያ ነውና። የሥራ ሰዓት የሚጻፈው «ኦፕኒንግ አወርስ ስፔሲፊኬሽን» በሚባለው ክፍል ነው። በውስጡ ቀኑ፣ የሚከፈትበት ሰዓትና የሚዘጋበት ሰዓት ይገባሉ። ሰዓቱ የሚነበበው ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ በ24 ሰዓት አቆጣጠር ነው። ጠዋት 2 ሰዓት ከፍቶ ማታ 1 ሰዓት የሚዘጋ የሕንፃ መሣሪያ መደብር «02:00» እና «01:00» ብሎ ከሞላ፣ ማሽኑ የሚረዳው ሱቁ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተከፍቶ በማግስቱ ሌሊት 7 ሰዓት ይዘጋል ብሎ ነው፤ በቀን 23 ሰዓት ክፍት ማለት ነው። ትክክለኛው «08:00» እና «19:00» ነው። ስሌቱ እንዲህ ነው፦ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ቀኑ 11 ሰዓት ባለው ላይ 6 ይደመራል። ከምሽቱ 1 እስከ 5 ሰዓት ባለው ላይ 18 ይደመራል። ከሌሊቱ 6 እስከ 11 ሰዓት ካለው ላይ 6 ይቀነሳል፤ ስለዚህ ሌሊት 6 ሰዓት «00:00» ይሆናል። የሚያምታቱት ሁለቱ 12ቶች ናቸው፦ ጠዋት 12 ሰዓት «06:00»፣ ምሽት 12 ሰዓት «18:00» ነው። ሌሊቱን የሚያድር መድኃኒት ቤት 24 ሰዓት ሙሉ ክፍት መሆኑን ለማሳየት ከ«00:00» እስከ «23:59» ይጽፋል። የሚዘጋበት ቀን ደግሞ መክፈቻውም መዝጊያውም «00:00» ይሆናል።

የመጨረሻዋ ነጥብ ለሥጋ ቤቶች በጣም ትጠቅማለች። በዐቢይ ጾም የሚዘጋ ሥጋ ቤት ዓመቱን ሙሉ ክፍት ነኝ እያለ ደንበኛ ከሰሚት ተነሥቶ መጥቶ በሩ ላይ ቁልፍ ሲያይ፣ ያ ደንበኛ ለፋሲካም አይመለስ ይሆናል። ስኪማው ወቅታዊ ሰዓት ይቀበላል፤ «ቫሊድ ፍሮም» እና «ቫሊድ ስሩ» የሚባሉ የመጀመሪያና የመጨረሻ ቀን መሙያዎች አሉት። የ2018ቱን ጾም ብንወስድ የካቲት 9 ገብቶ ሚያዝያ 3 ያበቃል፤ ኮዱ ላይ «2026-02-16» እና «2026-04-11» ተብሎ፣ መክፈቻና መዝጊያው ሁለቱም «00:00» ይሆናሉ። ጾሙ በየዓመቱ ቀኑን ስለሚቀይር ባሕረ ሐሳቡ በታወቀ ቁጥር ይታደሳል እንጂ ያለፈው ዓመት አይገለበጥም።

ወደ ዘመን አቆጣጠሩ ስንመጣ ጥፋቱ የበለጠ የተሰወረ ነው። ኮዱ የሚቀበለው ቀን በፈረንጆች አቆጣጠር፣ ዓመት መጀመሪያ፣ ከዚያ ወር፣ ከዚያ ቀን ሆኖ ነው። አንድ የብሎኬት ማምረቻ «ይህ ዋጋ እስከ ሰኔ 30 ቀን 2018 ይጸናል» ለማለት «2018-10-30» ብሎ ቢጽፍ፣ ለማሽኑ ቀኑ ኦክቶበር 30 ቀን 2018 እ.ኤ.አ. ነው፤ ካለፈ ዓመታት ሆነውታል። ጎግል የዋጋው ጊዜ ካለፈ ዋጋውን በውጤቱ ላይ ላያሳይ ይችላል። ባለቤቱ ዋጋ ጽፎ ለምን እንደማይታይ እያሰበ ይከርማል። ትክክለኛው «2026-07-07» ነበር። ጳጉሜን የጻፈ ደግሞ በአንድ በኩል ይሻለዋል፤ «2018-13-05» ሲል 13ኛ ወር ስለሌለ ኮዱን የሚፈትሸው የማረጋገጫ መሣሪያ ወዲያው ስህተት ብሎ ይጮኻል። ለባለቤቱ ሥጋት የሚሆነው ጮኾ የሚታወቀው ሳይሆን ዝም ብሎ የሚያልፈው ስህተት ነው።

ዋጋን በተመለከተ፦ በዋጋው ቦታ ቁጥር ብቻ ይገባል። «1,250 ብር» ሳይሆን «1250»። ገንዘቡ ደግሞ ለብቻው በ«ፕራይስ ከረንሲ» ላይ ኢ፣ ቲ፣ ቢ በሚሉት ሦስት ትልልቅ የላቲን ፊደላት ይገለጻል። ባለ 20 ብሎኬትና ባለ 15 ብሎኬት የተለያየ ዋጋ ካላቸው እያንዳንዳቸው የራሳቸው ገጽ ይኑራቸው፤ አንድ ገጽ ላይ አሥራ ሁለት ዕቃ ደርድሮ ሁሉንም እንደ አንድ ምርት ማወጅ አይሠራም። የምርት መረጃ ጠቃሚ እንዲሆን ስሙ፣ ፎቶው፣ ዋጋውና ገንዘቡ መኖር አለባቸው፤ ዕቃው መኖሩና ማለቁም በ«አቬይለቢሊቲ» ይነገራል። ሲሚንቶ በጨመረ ቁጥር የብሎኬት ዋጋ ይቀየራል። ያኔ ገጹ ላይ አዲሱ ተጽፎ ኮዱ ውስጥ አሮጌው ከቀረ፣ ሁለቱ ይጋጫሉ። ስለዚህ ዋጋው ከአንድ ቦታ ተሞልቶ ገጹም ኮዱም ከዚያው እንዲቀዱ ማድረግ የዌብሳይት ሠሪው ግዴታ ነው፤ ይህን የማያደርግ ሠሪ ሥራውን ግማሽ ላይ ጥሎታል።

አድራሻ የከተማ ዳር ሰው ዋና ራስ ምታት ነው። ስኪማው የተነደፈው የመንገድ ስምና ቁጥር ላለው ከተማ ነው፤ እኛ ዘንድ አድራሻ ማለት ክፍለ ከተማ፣ ወረዳ፣ የቤት ቁጥር፣ የኮንዶሚኒየም ሳይትና ብሎክ ነው። ችግር የለውም፤ ወረዳው፣ ሳይቱና ብሎኩ በ«ስትሪት አድረስ» ውስጥ ይጠቃለላል። ከተማው በ«አድረስ ሎካሊቲ»፣ ክልሉ በ«አድረስ ሪጅን»፣ አገሩ ኢ እና ቲ በሚሉት ሁለት ፊደላት ይገባል። እዚህ ላይ እውነቱን መናገር ያስፈልጋል። ለሚ ኩራ ያለ ሱቅ አዲስ አበባ ነው። ለገጣፎ፣ ሰበታ፣ ቡራዩ ወይም ሱሉልታ ያለ ሱቅ ግን ዛሬ በኦሮሚያ ሸገር ከተማ ሥር ነው። ፈላጊ ያገኘኛል ብሎ «አዲስ አበባ» የሚል ቢጽፍ ካርታው የሚያሳየውና ጽሑፉ የሚለው አይገጥሙም። ለአዲስ አበባ ቅርብ መሆኑን በገጹ ጽሑፍ ላይ ለሰው ማስረዳት ይቻላል፤ «ከአያት ባቡር ጣቢያ በታክሲ ይህን ያህል» የሚለው ለደንበኛው ከየትኛውም ኮድ ይበልጣል። ስልኩም ከ+251 ይጀምር፤ 09 ወይም 07 ብሎ የሚጀምረው ቁጥር ዜሮውን ጥሎ ዘጠኝ አሃዝ ይከተላል።

የጽሑፍ አድራሻ ሲደክም የሚታደገን የካርታ ነጥብ ነው። ስልክ ላይ ጎግል ማፕስን ከፍቶ የግቢው በር ላይ ጣትን ጫን አድርጎ መያዝ ነው፤ ሁለት ቁጥር ይወጣል። የመጀመሪያው ላቲትዩድ፣ ሁለተኛው ሎንጊትዩድ ነው። በአዲስ አበባ ዙሪያ የመጀመሪያው በ8 ወይም በ9፣ ሁለተኛው በ38 ይጀምራል። ሁለቱ ከተገለባበጡ ነጥቡ ከጣሊያኗ ሰርዲኒያ ደሴት አጠገብ ባሕር ላይ ያርፋል፤ በመግቢያችን ያልነው ይህንን ነው። ከነጥቡ በኋላ ያሉት አሃዞችም ይቆጠራሉ፦ ሁለት አሃዝ ብቻ ከተጻፈ ስህተቱ እስከ አንድ ኪሎ ሜትር ሊጠጋ ይችላል፤ አራት አሃዝ አሥር ሜትር አካባቢ፤ አምስት አሃዝ ደግሞ አንድ ሜትር አካባቢ ያደርሳል። ጎግል የሚጠይቀው ቢያንስ አምስት ነው። መንገዱ ስም በሌለው፣ ብሎኩም ከብሎክ በማይለይበት ሳይት ላይ ይህ ልዩነት ደንበኛው በሩ ላይ መቆሙን ወይም ከጀርባው አጥር መዞሩን ይወስናል።

ስም ላይ ሁለት ነገር እንበል። አንደኛ፣ ስሙ ታፔላው ላይ ያለው ይሁን። «አያት ርካሽ ምርጥ ብሎኬት ማምረቻ ለገጣፎ ሰሚት» እያሉ ቃል ማጨቅ ደንብ መጣስ ነው፤ ያስቀጣልም። ሁለተኛ፣ ሰው ስም ሲፈልግ ፀሐይንም ጸሐይንም፣ ኃይሉንም ሃይሉንም ይጽፋል፤ በላቲን ፊደልማ ሦስት አራት ዓይነት ይሆናል። ለዚህ «ኦልተርኔት ኔም» የሚባል ቦታ አለ። ሰዎች በእርግጥ የሚጠቀሙባቸውን ሁለት ሦስት አጻጻፎች እዚያ ማስቀመጥ ይቻላል። የዌብሳይቱ ስም በፍለጋ ውጤት ላይ እንዲወጣ የሚረዳው «ዌብሳይት» የሚባለው ዓይነት የሚቀመጠው ደግሞ በመነሻ ገጹ ላይ ነው፤ የውስጥ ገጽ ላይ ቢጻፍ ለዚህ አይጠቅምም።

የድርጅቱ ዓይነት ሲመረጥ በተቻለ መጠን የቅርቡ ይመረጥ። «ሎካል ቢዝነስ» ሁሉንም ያቅፋል፤ መድኃኒት ቤት ግን «ፋርማሲ»፣ ጋራዥ «አውቶ ሪፔር»፣ የሕንፃ መሣሪያ ሻጭ «ሃርድዌር ስቶር» የሚል የራሱ ስም አለው። ብሎኬት ለሚያመርት የሚገጥም ጠባብ ስም ከታጣ በሰፊው መቆየት ይሻላል እንጂ የማይገባውን መቀላወጥ አይገባም። መርካቶ ዋና መሥሪያ ቤት፣ ቱሉ ዲምቱ ቅርንጫፍ ያለው ድርጅት ለየቅርንጫፉ የራሱ ገጽና የራሱ ስኪማ ያስፈልገዋል።

አሁን አንድ ለአማርኛ ጸሐፊ ብቻ የተቀመጠ ወጥመድ አለ። የጄሰን ሰዋስው ጨካኝ ነው፤ አንዲት ምልክት ከተሳሳተች ያ ስክሪፕት በሙሉ አይነበብም። የአማርኛ ኪቦርድ ሳይቀየር የሚጻፍ ኮድ ላይ በላቲኑ ኮማ ቦታ ነጠላ ሰረዝ (፣) ይገባል፤ በላቲኑ ሁለት ነጥብ (:) ቦታ የአማርኛ ሁለት ነጥብ (፡) ይገባል። ለዓይን ይመሳሰላሉ፤ ለማሽን ግን ፍጹም ሌላ ፊደል ናቸው። በዎርድ ተጽፎ ወይም በቴሌግራም ተልኮ የመጣ ኮድ ደግሞ ቀጥ ያለው የጥቅስ ምልክት ወደ ጠመዝማዛው ይቀየርበታል፤ ያም ያው ጥፋት ነው። ከመጨረሻው መስመር በኋላ የቀረች ትርፍ ኮማም እንዲሁ ትሰብረዋለች። በጥቅሱ ውስጥ የሚሞላው መረጃ ግን በአማርኛ ቢጻፍ፣ ነጠላ ሰረዝም አራት ነጥብም ቢኖርበት ምንም አይሆንም፤ ገጹ የአማርኛ ፊደልን በሚይዘው የፊደል ኮድ፣ በዩቲኤፍ 8፣ መቀመጡ ብቻ ይረጋገጥ። ኮድ በተራ የጽሑፍ ፋይል ይላክ፤ በመልእክት ሳጥን ውስጥ አይለጠፍ።

ዎርድፕሬስ የሚባለውን የዌብሳይት መሥሪያ የሚጠቀም ሰው ኮድ በእጁ መጻፍ ላያስፈልገው ይችላል። ዮስት ወይም ራንክ ማዝ የሚባሉት ፕለጊኖች (ተጨማሪ መሣሪያዎች) የሚሞላ ቅጽ ያቀርባሉ፤ ከላይ ያልናቸው የሰዓትና የቀን ስህተቶች ግን ቅጹም ላይ ይፈጸማሉ። ሌላው የተለመደ ችግር ቴሙ (ለገጹ መልክ የሚሰጠው ንድፍ) የራሱን ስኪማ ይጽፋል፣ ፕለጊኑም ይጽፋል፤ አንድ ገጽ ላይ ሁለት የተለያየ ስልክና ሁለት የተለያየ ሰዓት ይገኛል። አንዱን ማጥፋት ነው። ከተስተካከለ በኋላ ካሹ (ተቀምጦ የቆየው የገጹ ቅጂ) ካልጸዳ ጎግል የሚያየው አሮጌውን ስለሆነ እሱም አይረሳ።

ከዚያ ምርመራው ይከተላል። «ሪች ሪዛልትስ ቴስት» የሚባለው የጎግል መሣሪያ ገጹ ለልዩ አቀራረብ (በፍለጋ ውጤት ላይ ከዋጋ፣ ከፎቶና ከመሰል ዝርዝር ጋር ለመውጣት) ብቁ መሆኑን ያሳያል፤ የስኪማ ዶት ኦርግ ማረጋገጫ ደግሞ ሰዋስውንና ስሞቹን በሙሉ ይፈትሻል። ሁለቱም ነፃ ናቸው። ብዙ ሠሪዎች አረንጓዴውን ምልክት ፎቶ አንሥተው ለባለቤቱ ይልኩና ሥራው አልቋል ይላሉ። ይህን አጥብቀን እንቃወማለን። «02:00» ትክክለኛ ሰዓት ነው። ባሕር ላይ ያለው ነጥብም ትክክለኛ ነጥብ ነው። «2018-10-30» በካላንደሩ ያለ ቀን ነው። ማረጋገጫው የሚመረምረው አጻጻፉን እንጂ እውነቱን አይደለም፤ ሱቁ ስንት ሰዓት እንደሚከፈት የሚያውቀው በሩን የሚከፍተው ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ ሠሪው እያንዳንዱን የተሞላ መረጃ በአማርኛ አውጥቶ ለባለቤቱ ያንብብለት፤ ባለቤቱም «እስኪ ሰዓቱ ምን ይላል? ነጥቡስ ካርታ ላይ የት ነው የሚያርፈው?» ብሎ ይጠይቅ።

ስኪማ ምን እንደማያደርግም ይታወቅ፤ በዚህ ስም ብዙ ገንዘብ እየተበላ ነውና። ስኪማ ገጽን ከአሥረኛ ወደ አንደኛ አያወጣም። ጎግል ገጹን እንዲረዳ ያግዛል፤ ዋጋ፣ ፎቶና መሰል ዝርዝር ከርእሱ ሥር እንዲወጣ ብቁ ያደርጋል፤ እንደሚወጣ ግን ጎግል ዋስትና አይሰጥም። ለራሱ ድርጅት በራሱ ገጽ ላይ አምስት ኮከብ መለጠፍ ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለድርጅት ዓይነቶች አይሠራም። የጥያቄና መልስ ዝርዝር ከውጤቱ ሥር ይዘረጋ የነበረውም በ2023 እ.ኤ.አ. ለታወቁ የመንግሥትና የጤና ገጾች ብቻ እንዲሆን ተገደበ። ይህንን ዛሬም እንደ አዲስ የሚሸጥ ሰው ካለ ባለሱቁ አይክፈል። ገጹ ላይ ለሰው የማይታይ ነገር ኮዱ ውስጥ መጻፍም ማታለል ነው፤ ጎግል ሲደርስበት ገጹን ከልዩ አቀራረብ ያስወጣዋል፤ ታርሞ እንደገና ይታይልኝ ተብሎ እስኪጠየቅና እስኪፈቀድ ድረስም ይቆያል።

ካርታው ላይ የሚወጣው የሥራ ሰዓትና ስልክ በዋናነት ከጎግል ቢዝነስ ፕሮፋይል ነው የሚመጣው። እሱም በነፃ ይከፈታል። በፕሮፋይሉ፣ በገጹና በስኪማው ያለው ስም፣ ስልክና ሰዓት ቃል በቃል አንድ ይሁን። ዌብሳይት ሳይኖረው ፕሮፋይሉን ብቻ በትክክል የሞላ ሱቅ፣ ዌብሳይት ኖሮት ሦስት ቦታ ሦስት ስልክ ከሚጽፈው ይሻላል።

ፕሮፋይሉም፣ ጎግል ገጹን እንዴት እንደሚያየው የሚያሳየው ሰርች ኮንሶሉም በባለቤቱ ጂሜይል ይከፈቱ። ሠሪው ተጠቃሚ ሆኖ ይጨመር እንጂ ባለቤት አይሁን፤ ሠሪው ስልኩን ያጠፋ ዕለት ድርጅቱ የራሱን ሰዓት ማስተካከል እንዳያቅተው። ለውጥ ከተደረገ በኋላ በሰርች ኮንሶል ገጹ እንደገና እንዲጎበኝ ይጠየቅ። ውጤቱ ከጥቂት ቀናት እስከ ጥቂት ሳምንታት ሊወስድ ስለሚችል በማግስቱ አልተለወጠም ብሎ ኮዱን መነካካት አያስፈልግም።

በመጨረሻ ለጋዜጣችሁም ጥያቄ አለን። የአማርኛ ጋዜጦች በድረ ገጻቸው ላይ «ጥቅምት 5 ቀን 2018» ብለው ቀን ያትማሉ፤ ተገቢም ነው። ኮዱ ውስጥ ግን ያው ዕለት «2025-10-15» ሆኖ፣ ሰዓቱም የኢትዮጵያ መሆኑን የሚያሳየው +03:00 ተጨምሮበት መግባት አለበት። ገጹ ላይ ሁለቱም አቆጣጠር ጎን ለጎን ቢታዩ አንባቢም ማሽንም አይደናገሩም። የእናንተ የቴክኒክ ክፍል የትናንቱን ዜና ከፍቶ ይህን መስመር ቢፈትሽልን እናመሰግናለን።

ከአያት አካባቢ፣ በዌብሳይት ሥራ ላይ የተሰማራን ባለሙያዎች